የሕፃን የመጀመሪያ ዓመት በወላይታ፦ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ችሎታውም ይጠየቅ

በደህና የተወለደ ሕፃን በአምስት ወሩ ገደማ ክብደቱን በእጥፍ፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ በሦስት እጥፍ ያሳድጋል። ይህን ሚዛን ያሳየናል። አንገቱ መጽናቱን፣ ፈገግታውን፣ መዳሁንና ቋንቋ መልመዱን ግን የሚያየው አጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው። ከሶዶ ከተማ ዳሞት ተራራ ሥር እስካሉት ቀበሌዎች፣ ከአረካ እስከ ቦዲቲ ሕፃናት የሚያድጉት ብዙ ሰው ባለበት ቤት ነው። ያ ሁሉ ዓይን ምን መመልከት እንዳለበት ካወቀ ትልቅ ሀብት ነው።

ወር በወር

የሰውነት ቁጥጥር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ በመጨረሻ እግር ይጸናል። ሕፃን በሁለት ወሩ ገደማ ሲያናግሩት ፈገግ ይላል፤ ፊት በዓይኑ ይከተላል፤ ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። በአራት ወሩ ሲታቀፍ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ የጨበጠውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በስድስት ወሩ ይገላበጣል፤ እጁን መሬት ላይ ተደግፎ ለመቀመጥ ይሞክራል። በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፤ «ባባባ»፣ «ማማማ» እያለ ድምፅ ይደጋግማል፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል። በዚሁ ጊዜ ባዕድ ሰው ሲያነሣው ያለቅሳል፤ የራሱን ሰዎች ለይቶ ማወቁ ስለሆነ ሊያስመሰግነው ይገባል።

ዓመቱ ሲቃረብ ዕቃ ይዞ ይቆማል፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ፍርፋሪ ያነሣል። ይህች መቆንጠር የጣት ብቻ ሳትሆን የአእምሮም ዕድገት ናት። ዳሩ ግን መሬት ላይ የወደቀች ቦሎቄም በዚያው ጣት ተለቅማ አፉ ትገባለች፤ ልታንቀውም ትችላለች። እህል የሚለቀምበት ሰፌድ ከአጠገቡ ይራቅ፤ መሬት ላይ ያለ ምድጃም ይከለል።

ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የሚያድጉ ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አውጥቷል። በዚህ መሠረት ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፣ ብቻውን መራመድ ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጀመር ይችላል። ከልጆቹ 4.3 በመቶው በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው ወደ መራመድ ያለፉት። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ድክ ድክ ማለቱ ገና ለሚድኸው ልጅ ጉድለት አይሆንም። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅም የሚለካው መወለድ በነበረበት ቀን ተቆጥሮ ነው።

ስድስተኛው ወር

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ቅቤ ማስላስም ሆነ ውኃ መስጠት አያስፈልግም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም፤ የወላይታ ፈተናም እዚህ ላይ ይጀምራል። እንሰት፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና በቆሎ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ በፕሮቲን የደከሙ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲዛባና የስኳር ድንች ምርት ሲጠፋ፣ ማሳው ለምልሞ እየታየ ብዙ ሕፃናት ለከፋ የምግብ እጥረት ተዳርገዋል፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ለዚህ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ቁመት ብቻ አያሳጥርም፤ የአእምሮን ዕድገትም ይጎዳል።

መፍትሔው ከጓሮ አይርቅም። በደንብ የበሰለና የተፈጨ ቦሎቄ፣ እንቁላል፣ ጎመንና ወተት ከበቆሎው ወይም ከቡላው ጋር ሲገናኙ የልጅ ምግብ ይሆናሉ። ማንኪያ ሲያዘነብሉት እንደ ውኃ የሚፈስ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ ማንኪያው ላይ የሚቆይ ወፈር ያለ ገንፎ ይሻላል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መመገብ፣ ጡቱንም መቀጠል ይገባል።

በዚሁ ወቅት ተቅማጥ ሲመጣ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይባላል። ጥርስ ግን ተቅማጥ አያመጣም። ልጁ መዳህ ጀምሯል፤ ከብት በሚያድርበት ቤት መሬት የነካ እጁን ይጠባል። ከብቱን መለየት፣ መዳሂያ ምንጣፍ ማንጠፍና እጁን በሳሙና ማጠብ ይጠብቀዋል። ጥርስ ማስነቀል ደግሞ ቁስልና ኢንፌክሽን ከማትረፍ በቀር ፋይዳ የለውም።

ፀሐይና ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት፣ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ዘንድ ሪኬትስ (ፀሐይ በማጣት በሚመጣ የቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ሕፃን ተሸፋፍኖ ቤት እንዳይውልና የጠዋት ፀሐይ እንዲሞቅ የሚመከረው አጥንቱን ለማጠንከር ነው።

አእምሮው ደግሞ ጨዋታ ይፈልጋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴንቨር የተባለውን፣ 125 ጥያቄዎች ያሉትን የልጅ ዕድገት መመዘኛ ለአገራችን ልጆች እንዲስማማ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ለቤት ግን የተገዛ አሻንጉሊት አያስፈልግም፤ ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥ፣ ላወጣው ድምፅ መመለስ፣ በወላይትኛም በአማርኛም ማውራት ይበቃል። ሁለት ቋንቋ መስማት አፍ መፍታትን አያዘገይም።

መቼ እንጠይቅ?

ለኃይለኛ ድምፅ የማይደነግጥ፣ በአራት ወሩ አንገቱ ያልጸና፣ ሰውነቱ የዛለ ወይም የተገተረ፣ አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ በዘጠኝ ወሩ ተደግፎም የማይቀመጥ፣ ከሁሉ በላይ የነበረውን ችሎታ ያጣ ልጅ ሳይዘገይ ይታይ። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም የአካባቢው ሰው ኦቶና ወደሚለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል።

አጋጣሚው በእጃችን ነው። እናቶች ሕፃናቸውን ለክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወር ይዘው ይመጣሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መርፌውን ስትሰጥ አንድ ጥያቄ ትጨምር፦ «ምን ማድረግ ጀመረ?» በመጀመሪያው ቀጠሮ ፈገግታውን፣ በ14ኛው ሳምንት አንገቱን፣ በዘጠነኛው ወር መቀመጡንና ድምፁን ትጠይቅ። ገንዘብ የማያስወጣ ይህ ጥያቄ የዘገየውን ልጅ ገና መርዳት በሚቻልበት ዕድሜ ያገኘዋል።