ቲያማትን የሚረታ ጀግና እንዴት ይሠራል?

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱት የትረካ ጨዋታ ነው። አንዱ ተጫዋች መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በእሱ አፍ ይናገራሉ፣ በእሱ እጅ ይዋጋሉ። ምቱ ይሳካ ወይም ይክሸፍ እንደሆነ የሚለየው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲያሳትሙት የመጀመሪያው ሕትመት 1000 ቅጂ ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ጀግናው አማልክትን መርታት ይችላል? አማልክት የተባሉት የግሪክ፣ የስካንዲኔቪያና የመሰል ጥንታዊ አፈ ታሪኮች ገጸ ባሕርያት ናቸው። በ1976 የወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ለእነዚህ ሁሉ ቁጥር ሰጣቸው። አርታኢው ቲም ካስክ በመግቢያው እንደገለጸው ዓላማው ጀግኖቻቸውን ከልክ በላይ ያሳበጡ ተጫዋቾችን አደብ ማስያዝ ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ሆነ። በ1980 በወጣ ሌላ መጽሐፍ ዜውስ 400 የሕይወት ነጥብ እንዳለው የተነበበ ዕለት፣ 400 ነጥብ እንዴት እንደሚያልቅ ማስላት ተጀመረ።

ስሌቱን ለማየት አንድ ጀግና እንሥራ። ስሙን ጎበዜ እንበለው፤ አገሩ የወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም። ከብት ሲጠብቅ ያደገው ደንቆሮ ጫካ ዳር ነው፤ የቀይ ቀበሮ ዱካ ይለያል፣ ወደ አባይ የሚወርደውን ገደል ወጥቶ ወርዶ ያውቀዋል። ጨዋታው ሰውን የሚለካው በስድስት ነገር ነው፦ በጉልበት፣ በቅልጥፍና፣ በጽናት፣ በዕውቀት፣ በማስተዋልና በግርማ ሞገስ። ለእያንዳንዱ አራት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ትንሹ ይተውና የሦስቱ ድምር ይጻፋል። ገደሉ ያጠነከረው ጎበዜ ትልልቆቹን ቁጥሮች ለጉልበትና ለጽናት ያደርጋል። በ1ኛ ደረጃ ሲጀምር ጥቂት ተኩላዎች ሊገድሉት ይችላሉ። ከብዙ ጀብዱ በኋላ ግን የመጨረሻው 20ኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ጉልበቱም በ2014ቱ ደንብ ለተጫዋች የተለመደው ጣሪያ 20 ይሆናል።

አሁን ባለ አምስት ራሷን ዘንዶ ቲያማትን ይግጠም። ስሟ ከባቢሎን አፈ ታሪክ የመጣ ነው። በ2014 በታተመው የጀብዱ መጽሐፍ 615 የሕይወት ነጥብ አላት፣ የመከላከያ ቁጥሯ 25 ነው፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ደግሞ 30 ነጥብ ታገግማለች። ጎበዜ እጅግ ምርጥ የሆነውን አስማታዊ ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ ይዟል እንበል። ዳይሱ ላይ የሚደምረው 14 ነው፤ ስለዚህ ለመምታት 11 ወይም ከዚያ በላይ መጣል አለበት፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይሰነዝራል፣ በአማካይ ሁለቱ ያርፋሉ፣ እያንዳንዱም 15 ያህል ያጎድላል። ድምሩ 30። ያቆሰለውን ያህል ታገግማለች ማለት ነው።

ከፍተኛው ደረጃ፣ ከፍተኛው ጉልበትና ምርጡ ሰይፍ ተደምረው ከዜሮ ፈቀቅ አላሉም። የገጸ ባሕርይ አሠራር ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ነው። 20ኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ተዋጊ በአንድ ዙር ምቱን ወደ ስምንት የሚያሳድግበት ችሎታ አለው፤ ነገር ግን ዕረፍት እስኪያገኝ ድረስ ከሁለት ጊዜ በላይ አይጠቀምበትም። አስማተኛ ጓደኛም ያስፈልገዋል። እሱም ቢሆን ይቸገራል፤ እሳትና መብረቅ ቲያማትን አይነኳትም፣ ከ7ኛ እርከን በታች ያለ አስማትም ካልፈቀደች አይሠራባትም። የ20ኛ ደረጃ አስማተኛ ደግሞ ከ7ኛ እስከ 9ኛ እርከን ላለ አስማት ያለው በቀን አራት ዕድል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎበዜ የሚሠራው ብቻውን አይደለም፤ አብረውት ከሚቀመጡት ሰዎች ገጸ ባሕርያት ጋር ተመካክሮ፣ የአንዱ ጉድለት በሌላው እየተሞላ ነው።

አቋራጭ መንገድም ተፈልጎ ተገኝቷል። ኮቦልድ የሚባለው እንሽላሊት መሰል ትንሽ ፍጡር በጨዋታው ከደካሞቹ አንዱ ነው። በ2004 የወጣ መጽሐፍ ግን አንድ ጥንታዊ የእባብ ዘር ቅርፊት ላላቸው ፍጡራን ያሻውን ችሎታ መስጠት እንደሚችል ጻፈ፤ ገደብ ማስቀመጥ ተረሳ። ተጫዋቾች ይህን ቀዳዳ ተጠቅመው ፑን ፑን የተባለ ኮቦልድ ነደፉ፤ ያንን ችሎታ ራሱ ወስዶ ኃይሉን ያለ ወሰን የሚያሳድግ፣ የትኛውም አምላክ የማይመክተው። ፑን ፑን የደንቡን ቀዳዳ ለማሳየት ግሩም ነው። ለጨዋታ ግን አይሆንም፤ ሊሸነፍ የማይችል ጀግና የያዘ ሰው ዳይስ መጣል አያስፈልገውም፣ አጠገቡ ለተቀመጡትም የሚያደርጉት ነገር አይተውላቸውም። ለዚህ ነው የመጨረሻው ቃል የመሪው የሆነው።

በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የ5ኛው እትም፣ ማለትም የ2014ቱ ደንብ፣ መሠረታዊ ክፍሎች በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቀዋል። ምንጩን የጠቀሰ ማንም ሰው ወደ አማርኛ ሊመልሳቸው፣ ሊያሻሽላቸውና ሊያሳትማቸው ይችላል። ቲያማት በዚያ ሰነድ ውስጥ የለችም። የቦረና ወጣቶች ጎበዜን ሊያጫውቱት ከፈለጉ ባላንጣውን ራሳቸው መቅረጽ ይኖርባቸዋል፤ የሕይወት ነጥቡን፣ በየዙሩ የሚያገግመውን፣ የማይጎዳውን ነገርና፣ ከሁሉም በፊት፣ በየት በኩል ሊጠቃ እንደሚችል።