የቆጣሪው ዕዳ የማን ነው?

አብዛኞቻችን ዕጩ መምህራን ቤት ስንከራይ የምንጠይቀው ስለ ኪራዩ፣ ስለ ውኃው፣ ሲበዛም ስለ በሩ ቁልፍ ነው። ስለ ቆጣሪው የሚጠይቅ ከመካከላችን ስንቱ ይሆን? እኛም አልጠየቅንም ነበር። ለማስተማር ልምምድ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ ቁይ ከተማ በተመደብን ጊዜ ሦስት ሆነን ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። በገባን በዘጠነኛው ቀን መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ የሰፈሩ ሁሉ የጠፋ መስሎን ዝም አልን፤ ወጥተን ብናይ ግን የጎረቤቱ አምፖል እንደ ልቡ ይበራል። የተቆረጠው የእኛ ብቻ ነው። ለካስ ከእኛ በፊት በቤቱ እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ የነበረች ተከራይ ስትሄድ የሦስት ወር ሒሳብ ሳይከፈል ቀርቷል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው!

በዚያ ሰሞን የትምህርት ዕቅዳችንን የጻፍነው በሻማ ነው። ታዲያ አንድ ምሽት አንደኛው ጓደኛችን፦ «ለምን በካርድ ቆጣሪ አናስቀይረውም? የሞላ ይጠቀማል፣ ያልሞላ ይጨልምበታል፤ ዕዳ የሚባል ነገር አይኖርም እኮ!» አለ። ሐሳቡን ሁላችንም ወደድነው። በማግስቱ ሄደን ስንጠይቅ ግን የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ መጀመሪያ ውዝፉ ይከፈል፣ ከዚያ ስለ ለውጡ እንነጋገራለን። ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ያዘጋጀነው ከዚያ በኋላ የተረዳነውን ለሌሎች ለማካፈል ነው። ነገ በየወረዳው ተመድበን ቤት የምንከራይ ሰዎች ነንና።

ለመሆኑ በሁለቱ ቆጣሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በተለመደው ቆጣሪ ኤሌክትሪኩን አስቀድመን እንጠቀማለን፤ አንባቢው በየወሩ መጥቶ ቁጥሩን ይመዘግባል፤ ካለፈው ንባብ ጋር ያለው ልዩነት በኪሎዋት ሰዓት ይሰላና ሒሳቡ ይወጣል። በካርድ ቆጣሪ ግን አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘቡ ነው። ደንበኛው ካርዱን ይዞ ሄዶ ያስሞላል፣ ተመልሶ ለቆጣሪው ያስነብበዋል፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሲያልቅ ቆጣሪው ራሱ ይቆርጣል፤ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣ ሠራተኛ አያስፈልግም።

ነገሩን በሱቅ ዱቤ ብናየው ይቀላል። በተለመደው ቆጣሪ አበዳሪው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለአንድ ወር ያህል ያበድረናል። በካርድ ቆጣሪ ግን አበዳሪዎቹ እኛ ነን፤ ገና ላልበራ መብራት አስቀድመን እንከፍላለን። ስለዚህ ካርድ ቆጣሪ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከተተከለበት ቀን በኋላ አዲስ ዱቤ እንዳይኖር መከልከል ነው። በፊት በደብተሩ ላይ የተጻፈውን ዱቤ አይሰርዝም። ጓደኛችን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስታችንም ተሳስተናል ማለት ይሻላል።

በካርድ ቆጣሪ ላይም ቢሆን ዕዳ ሊገኝ ይችላል። «አስቀድሞ እየተከፈለ ዕዳ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። አንደኛው መንገድ የድሮው ቆጣሪ ውዝፍ ነው፤ በብዙ አገሮች ዕዳው ወደ አዲሱ ቆጣሪ ተዛውሮ በተሞላ ቁጥር ከገንዘቡ ላይ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል። ሁለተኛው በየወሩ የሚታሰብ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ቤቱ ተዘግቶ ለወራት ምንም ሳይሞላ ቢቆይ ክፍያው በጎን ይጠራቀምና ባለቤቱ ተመልሶ ሲሞላ ከገንዘቡ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ካሰበው ያንሳል። ሰውየው «ካርዱ በላብኝ» ይላል፤ ካርዱ ግን የቆየውን ነው የቆረጠው። ሦስተኛው የብልሽት ጉዳይ ነው። ቆጣሪ ተበላሽቶ ሳይቆጥር ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ከቆየ፣ ያ ያልተቆጠረው በግምት ተሰልቶ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ሳይሞላ የሚበራለት ሰው ደስ ከሚለው ይልቅ ቶሎ ቢያመለክት ይሻለዋል።

የሕጉን ነገር ለማወቅ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አገላበጥን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ፣ በመጀመሪያው ቁጥር በአንቀጽ 1952 (የቁጥሩ መገጣጠም እኛንም አስገርሞናል)፣ ውል በመሠረቱ ውጤት የሚኖረው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። እንዲህ ከሆነ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ውል ያላት የቤቱ ባለቤት ናት፤ የእንጀራ ጋጋሪዋ ስምምነት ከባለቤቷ ጋር ነው፤ የእኛም እንዲሁ። እኛና እንጀራ ጋጋሪዋ ግን አንተዋወቅም፤ የእሷ ዕዳ የእኛ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። በወረቀት ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ችግሩ ሽቦው ሕግ አያነብም። ዕዳው የባለቤቷ ቢሆንም የሚጨልመው በተከራዩ ላይ ነው። ሌላ ኤሌክትሪክ ሻጭ ከተማው ውስጥ ስለሌለም «ከእናንተ ትቼ ከሌላ እገዛለሁ» ማለት አይቻልም። በ1948 ዓ.ም. ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ኃይል የሚያመነጨውና ለደንበኛ የሚያከፋፍለው ተለያይተዋል። ሕዝቡ ግን ዛሬም ሁሉንም «መብራት ኃይል» ነው የሚላቸው። ስሙ ቢለዋወጥም ለቤታችን ኤሌክትሪክ የሚሸጥልን ያው አንዱ ነው።

ብዙ ሻጮች ባሉበት አገርስ እንዴት ይደረጋል? በብሪታንያ ነዋሪው የኤሌክትሪክና የጋዝ ሻጩን መምረጥና መቀየር ይችላል። በዚያ በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀም ሰው ዕዳ ቢኖርበትም፣ ዕዳው በአንዱ አገልግሎት ከ500 ፓውንድ ካልበለጠ ወደ ሌላ ሻጭ ተዛውሮ ዕዳውንም ይዞት መሄድ ይችላል፤ አዲሱ ሻጭ ዕዳውን ተረክቦ ከሚሞላው ገንዘብ ላይ ቀስ በቀስ ይሰበስባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዕዳውን መቀነስ አለበት። ልብ በሉ፤ እዚያም ቢሆን ዕዳው አይጠፋም፤ የሚሄደው ግን ከሰውየው ጋር ነው። እኛ ዘንድ ከቆጣሪው ጋር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ይህን ስንል የእነሱ ነገር ሁሉ ያማረ ነው ማለታችን አይደለም። ባለዕዳዎች ሳይፈቅዱ ቤታቸው እየተገባ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሲተከልባቸው ቆይቶ፣ የታመሙና አቅመ ደካሞች ጭምር በብርድ ወቅት ያለ ማሞቂያ መቅረታቸው በጋዜጣ በመጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2023 ድርጊቱ እንዲቆም ተደርጎ ጥብቅ ደንብ ወጥቶለታል። ማንም ሳይቆርጥበት ራሱ ሳይሞላ በጨለማ የሚቀመጥ ሰው በማንም መዝገብ ላይ «ተቆረጠበት» ተብሎ አይጻፍም። የካርድ ቆጣሪ ክፉ ጎኑ ይህ ይመስለናል።

ታዲያ በተለይ ተከራይ ካርድ ቆጣሪ ለምን ይመኛል? አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት በመሆኑ ነው። እስከ 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረውን የቤት ታሪፍ ለምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ 0.2730 ብር፣ ከ51 እስከ 100 ያለው 0.3564፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 0.4993 ብር ነበር። አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 50 ቢጠቀሙና የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው እያንዳንዱ 13 ብር ከ65 ሣንቲም ይከፍላል፤ ድምሩ 54 ብር ከ60። እነዚሁ አራቱ በአንድ ቆጣሪ ቢጠቀሙ ግን ቆጣሪው 200 ይላል፤ ሒሳቡም 13.65 ሲደመር 17.82 ሲደመር 49.93፣ ማለትም 81 ብር ከ40 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 20 ብር ከ35 ሣንቲም ነው። ያው አምፖል፣ ያው ሬዲዮ፤ ነገር ግን ግማሽ ያህል ጭማሪ! (የሒሳብ ዕጩ መምህራን ለሰባተኛ ክፍል የሚሆን ጥሩ ጥያቄ አገኛችሁ።) ከዚያ ወዲህ ታሪፉ ተሻሽሏል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል የሚለው መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ዓላማው ድኻውን መርዳት ነበር፤ በአንድ ግቢ የተሰበሰቡት ድኾች ግን በቆጣሪው ፊት እንደ አንድ ሀብታም ይቆጠራሉ።

የካርዱ ቆጣሪ ይህን ብቻውን አይፈታም። በካርድ ሆኖም ግቢው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ከተጠቀመ ታሪፉ ያው ነው፤ እንዲያውም «የሞላሁት እኔ፣ የጨረስከው አንተ» የሚል አዲስ ጠብ ይወልዳል። የሚፈታው ለየቤቱ ለየብቻ ሲተከል ነው።

ወደ ቁይ እንመለስ። ውዝፉ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ገደማ ነበር። ለአንድ ቤት የሦስት ወር ሒሳብ የበዛ መስሎን ሰላነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ በቀን አራት ሰዓት፣ በወር ሃያ አምስት ቀን ቢጋገርበት 350 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በሦስት ወር ከሺህ ያልፋል። ሒሳቡ ልክ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ እማማ የምንላቸው ሴት፣ ወረቀቱን ይዘው፦ «ልጆቼ፣ እኔ እንጃ! ትከፍላለች ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። ለእንጀራ ጋጋሪዋ ሲደወል ደግሞ፦ «እንዴ እማማ! ኪራዩ መብራቱን ጨምሮ ነው ተባብለን የለም ወይ?» አለች። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስሉም ነበር። ስምምነቱ የአፍ ነው፤ በአፍ የተባለውን ደግሞ እያንዳንዱ እንደሚበጀው ያስታውሰዋል።

ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ገብተው ግማሹን እማማ፣ ግማሹን ተከራይዋ እንዲከፍሉ ተስማሙ። ይሁን እንጂ የእማማ ድርሻ በእጃቸው አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኛ ዞረው «እናንተ ደመወዝተኞች ልትሆኑ አይደል? አግዟቸው እንጂ» አሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልግ ነበር። ዕዳውን እንደ ዕዳ ብንከፍል የሰው ዕዳ በራሳችን ላይ መቀበላችን ነው፤ ገንዘቡም ቀረ። ስለዚህ የሁለት ወር ኪራይ አስቀድመን ሰጠን፤ እማማ በዚያ ገንዘብ በራሳቸው ስም ከፈሉ። በወረቀት ላይም «የዚህና የዚህ ወር ኪራይ ተቀብያለሁ» የሚል ጽፈን፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው፣ እማማ በጣታቸው ፈረሙ። የተከፈለበትን ደረሰኝ ቅጂም ያዝን። መብራቱ ተቀጠለ። የቆጣሪ ለውጥ ማመልከቻውም ያን ጊዜ ተቀባይነት አገኘ።

ቀጥሎ ያደረግነውን ሌሎችም ቢያደርጉት እንወዳለን። ቤት የገባችሁ ዕለት ባለቤቱን ይዛችሁ ቆጣሪው ዘንድ ቁሙ፤ ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። የመጨረሻውን የተከፈለ ደረሰኝ ጠይቁ፤ «ጠፋብኝ» ከተባለ ውዝፍ መኖር አለመኖሩን ባለቤቱ ራሱ ሄዶ እንዲጠይቅ አድርጉ። ኪራዩ መብራትን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። ቆጣሪ በሚለወጥበት ቀን ደግሞ የአሮጌው ቆጣሪ የመጨረሻ ንባብ ሳይመዘገብ እንዲነቀል አትፍቀዱ፤ ከሄደ በኋላ ክርክሩ በማስታወስ ነው። የምትለቁት ቆጣሪ የካርድ ከሆነ በውስጡ የቀረውንም መዝግቡ። የካርድ ተጠቃሚ ባለዕዳ ብቻ ሳይሆን ባለገንዘብም ሆኖ ሊወጣ ይችላልና።

የካርድ ቆጣሪው የመጣው ልምምዳችን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። መቶ ብር ሞላንበት። የመነሻውን ቁጥር አንደኛው ጓደኛችን በጠመኔ በበሩ መቃን ላይ ጻፈው፤ የመምህር ነገር! ዕቃችንን አስረን በምንወጣበት ጠዋት እማማ ወደ ቆጣሪው ቀና ብለው «ስንት ይላል?» ሲሉ ጠየቁ። ነገርናቸው። ከሞላነው ከግማሽ በላዩ አልተነካም ነበር። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ደግሞ ይኸስ የማን ነው?» አሉን።

ሁላችንም ሳቅን። ቡና አፍልተውልን ነበርና ሒሳቡ በዚያው ተዘጋ።