የፊት መሸብሸብ ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን ገልብጡት

እናታችሁ ወይም አክስታችሁ «ይቺ ክሬም እውነት የፊት መሸብሸብ ታጠፋለች?» ብላ ብትጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ካርቶኑ ፊት ለፊት ላይ በትልቁ «በሳምንት ውስጥ ወጣት» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋዋም የዋዛ አይደለም። መልሱ ያለው ግን ካርቶኑ ጀርባ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል በተጻፈው ውስጥ ነው። እሱን ለመረዳት መጀመሪያ ቆዳ ለምን እንደሚሸበሸብ እንይ።

ቆዳ ለምን ይሸበሸባል?

ከላይኛው የቆዳችን ንጣፍ ሥር ኮላጅን እና ኤላስቲን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች አሉ። ኮላጅን ቆዳን አጠንክሮ ይይዛል፤ ኤላስቲን ደግሞ እንደ ላስቲክ ተስቦ እንዲመለስ ያደርገዋል። እስቲ የእጃችሁን ጀርባ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ተመለሰ አይደል? ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ክሮች እየሳሱ ይሄዳሉ። ይህንን ማንም አያስቀረውም፤ የሚያፋጥነው ግን በዋናነት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ሲጋራም ያግዘዋል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውየው ለ28 ዓመት የዕቃ ማመላለሻ መኪና ነድቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ፊቱ በጥልቅ ተሸብሽቧል፤ የቀኙ ግን ያን ያህል አልተጎዳም። ዕድሜውም ዘሩም አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱን ጎን የለያያቸው በመስታወቱ አልፎ የገባው ጨረር ነው። ዩ ቪ ኤ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ዓይነት መስታወት አያግደውም።

የተዘፈዘፈ ባቄላ

አንድ ሰው ክሬም ተቀብቶ በማግስቱ ፊቱ ለስለስ፣ ሽብሽቡም ቀነስ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ተራ ቅባትም ይህንኑ ያደርጋል። የተዘፈዘፈ ባቄላን አስቡ፦ ውኃ ሲጠጣ ገፈፉ ይወጠራል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጨማደዳል። ቅባትም የቆዳችን ውኃ እንዳይተን ይይዘዋል፤ ቅባቱ ሲቀር ውጤቱም አብሮ ይቀራል።

ታዲያ አንድ ክሬም ከዚህ ያለፈ ነገር መሥራቱ እንዴት ይታወቃል? በማነጻጸር ነዋ! በ1988 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 30 ሰዎች የተሳተፉበት የ16 ሳምንት ሙከራ አሳተሙ። ሰዎቹ አንዱን ክንዳቸውን ትሬቲኖይን ያለበት ክሬም፣ ሌላውን ደግሞ ትሬቲኖይን የሌለበትን ክሬም ይቀቡ ነበር። የቱ የቱ እንደሆነ ሐኪሞቹም ተሳታፊዎቹም አያውቁም። በመጨረሻ መሻሻል የታየው ትሬቲኖይን በተቀባው ክንድ ላይ ነው። ነፃ አልነበረም ታዲያ፤ የብዙዎቹ ቆዳ ተቆጥቶ ነበር።

ትሬቲኖይን ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ሲሆን ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው። ደከም ያለው ዘመዱ ሬቲኖል በብዙ ክሬሞች ውስጥ ይገኛል።

በበሩ ማን ይገባል?

«ኮላጅን ያለበት» የሚል ክሬም ሰምታችሁ ይሆናል። የሳሳው ኮላጅን ከሆነ ኮላጅን ብንቀባስ? ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ቆዳችን በቀላሉ የሚያስገባው ከ500 ዳልተን በታች የሆኑ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ነው። አንድ ሙሉ የኮላጅን ሞለኪውል ወደ 300,000 ዳልተን ይመዝናል፤ ሬቲኖል ግን 286 ብቻ። ስለዚህ ኮላጅኑ ላይ ላዩን ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ ውስጥ ገብቶ የሳሳውን ክር አይተካም።

ከሁሉ የሚሻለው ሳይሸበሸብ መከላከል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ከ900 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአውስትራሊያ ጥናት ይህንን አሳይቷል። በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች፣ በፈለጉ ጊዜ ብቻ ከተቀቡት ይልቅ ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ሜላኒን ጨረሩን በከፊል ስለሚያስቀርልን ሽብሽቡ ይዘገይልናል፤ ጨርሶ ግን አይቀርም። ደግሞም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ መሆኗን አትርሱ!

ታዲያ ምን እንይ?

1. ለቀን፦ የፀሐይ መከላከያ፣ ኤስ ፒ ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል። ይህ ማለት ዩ ቪ ኤንም ይከላከላል ማለት ነው።

2. ለማታ፦ ሬቲኖል ያለበት። ሬቲኖል ብርሃንና አየር ስለሚያበላሹት ብርሃን በማያሳልፍ ቱቦ የታሸገው ይሻላል። በትንሹ ይጀመራል፣ ለውጡም ወራት ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ትሬቲኖይንም ሬቲኖልም መጠቀም የለባትም።

3. ንጥረ ነገሮች ብዛት ካለው ወደ ትንሹ ነው የሚዘረዘሩት። በማስታወቂያው የተወደሰው ነገር ከዝርዝሩ መጨረሻ ከተገኘ መጠኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

4. ፊት ከመቀባት በፊት ለጥቂት ቀን ክንድ ላይ መሞከር።

ዝርዝር የሌለው ክሬምስ? እሱን ተዉት። በተለይ «ያቀላል፣ ሽብሽብም ያጠፋል» የሚሉ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚጎዳው ደግሞ የተቀባውን ሰው ብቻ አይደለም፤ በፎጣ፣ በመተቃቀፍ፣ በሚተነፈስ አየርም ወደ ቤቱ ሕፃናት ይደርሳል። «ወርቅና ብር እንዳይነካው» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ሜርኩሪን ጠርጥሩ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካያችሁ ደግሞ እነዚህ ስቴሮይድ ናቸው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሲቀቧቸው ቆዳን ያሳሳሉ።

እናንተ ወጣቶች የሽብሽብ ክሬም አያስፈልጋችሁም፤ የኮላጅን ክራችሁ ገና ጠንካራ ነው። ባርኔጣ፣ ጥላና የፀሐይ መከላከያ ይበቃችኋል። ቤት ውስጥ የተቀመጡትን ክሬሞች ግን ዛሬውኑ ገልብጣችሁ አንብቡ።