ካልሲ ለመሥራት ሁለት መርፌ ይበቃል

ሹራብ መሥራት የሚችሉ ብዙ ሰዎች ካልሲ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የአንገት ልብስ፣ የሕፃን ኮፍያ፣ ሙሉ ሹራብ ሳይቀር በሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች ሲሠሩ ኖረው ካልሲ ግን የሌላ ሰው ሙያ ይመስላቸዋል። ካልሲ ቱቦ ነው፤ ቱቦ ደግሞ የግድ ዙሪያውን እየዞሩ የሚሠሩት ነገር ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ አብዛኞቹ የአሠራር መመሪያዎች በሁለቱም ጫፍ ሹል የሆኑ አራት ወይም አምስት አጫጭር መርፌዎችን፣ አለዚያም ሁለት ጫፉ በገመድ የተያያዘ ክብ መርፌን ይጠይቃሉ። በሁለት መርፌ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሠርቶ መጨረሻ ላይ የሚሰፋ ካልሲ የጀማሪ ማምለጫ ተደርጎ ይታያል። ይህ ፍርድ መታረም ያለበት ይመስለኛል። ጠፍጣፋው አሠራር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የረጅም ዘመን ምስክር አለው፣ ለአንዳንድ ሥራም ከክቡ ይሻላል። ዋናው ክስ፣ ማለትም «ስፌቱ እግር ይጎዳል» የሚለው፣ በቂ መልስ ያለው ክስ ነው።

ከታሪኩ እንነሣ። የመርፌ ብዛት የካልሲ ጥራት መለኪያ ሆኖ አያውቅም። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ የተገኘ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ። አውራ ጣቱ ለብቻው የተከፈለው ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲደረግ ሲሆን፣ የተሠራውም በአንድ መርፌ ብቻ ነው። በበርካታ መርፌ ዙሪያውን እየዞሩ መሥራት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእጅ ሥራ ረገድ ክቡ አሠራር ጥንታዊና የተከበረ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ በመካከለኛው ዘመን ግብፅ የተሠሩት የጥጥ ካልሲዎችም ሆኑ የአውሮፓ ገበሬዎች ካልሲዎች በዚያው መንገድ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን በ1589 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም አጠገብ ባለችው ካልቨርተን መንደር፣ ዊሊያም ሊ የተባለ ሰው የመጀመሪያውን የካልሲ መሥሪያ መኪና ሲፈለስፍ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ።

የሊ መኪና መርፌዎች የተደረደሩት በቀጥታ መስመር ስለነበር ከመኪናው የሚወጣው ሥራ ጠፍጣፋ ነበር። ሠራተኛው በሁለቱ ዳር ያሉትን የክር ቀለበቶች እየቀነሰ ወይም እየጨመረ ጨርቁን የባት ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ከዚያም ሁለቱ ዳሮች ከእግር በስተኋላ ይሰፋሉ። ይህም በሁለት መርፌ ካልሲ የሚሠራ ሰው ዛሬ የሚያደርገው ነው። እንደሚተረከው ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ዜጎቿ እንጀራቸውን እንዳያጡ ሰግታ ለመኪናው ፈቃድ ነፈገች፤ ሊም ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በሩዋን ከተማ ሥራውን ጀመረ። ፈጠራው ግን አልሞተም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት የአውሮፓ መኳንንት በእግራቸው ያጠለቁት ከእነዚህ መኪኖች የወጣ የሐር ካልሲ ብዙው ጠፍጣፋ ተሠርቶ የተሰፋ ነበር። ማርክ ብሩኔል ክብ መኪናን በ1816 አስመዝግቦ ሳለ እንኳ፣ በ1864 ዊሊያም ኮተን ያወጣውና የጥራት መለኪያ የሆነው ፈጣን መኪና ጠፍጣፋ ሥራ የሚያወጣ ነበር። በግንቦት 1940 በመላ አሜሪካ ለሽያጭ የቀረቡት የናይለን ካልሲዎችም ከኋላቸው ስፌት ነበራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናይለኑ ለፓራሹት ሲውልና ካልሲው ከገበያ ሲጠፋ፣ ሴቶች ስፌት ለማስመሰል ባታቸው ላይ መስመር ይሥሉ ነበር። ስፌት የችሎታ ማነስ ምልክት ቢሆን ኖሮ ማንም በባዶ እግሩ ላይ ሊሥለው አይደክምም ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ሠሪ ከሁሉ የሚጠቅመው የ1811ዱ ምዕራፍ ነው። በዚያ ዓመት በኖቲንግሃም አካባቢ ሉዳይት የሚባሉት ሠራተኞች ሌሊት እየገቡ የካልሲ መኪኖችን ይሰባብሩ ጀመር። ብዙ ጊዜ የሚነገረው መኪና ስለሚጠሉ ነው ተብሎ ነው፤ እነሱ ግን ራሳቸው የመኪና ሠራተኞች ነበሩ። ካማረሯቸው ነገሮች አንዱ ከደመወዝ ማነስ ሌላ፣ አንዳንድ ነጋዴዎች በሰፋፊ መኪና ረጅም ጨርቅ አሠርተው፣ በመቀስ በካልሲ ቅርጽ ቆርጠውና ሰፍተው በርካሽ መሸጣቸው ነበር። በመቀስ የተቆረጠ ሹራብ ቀለበቱ ተበጥሷል፤ ጥቂት ከተለበሰ በኋላ ከስፌቱ ይተረተራል። የሙያው ስም የሚጠፋውም በዚህ ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ስፌትን አልተቃወሙም፣ የራሳቸው ካልሲም የተሰፋ ነበር። የተቃወሙት የተቆረጠ ዳርን ነው። በሁለት መርፌ ሲሠራ ክሩ እያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ ላይ ዞሮ ስለሚመለስ ዳሩ የተዘጋ ነው፤ ስፌቱ እንኳ ቢፈታ ካልሲው አይተረተርም። እንግዲህ ጥያቄው ስፌት አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ ስፌቱ የት አለ፣ እንዴትስ ተሰፋ የሚል መሆን አለበት።

አሁን ወደ እግር እንምጣ። ከሱቅ የተገዛ ካልሲን ገልብጦ ያየ ሰው ከጣቶቹ በላይ በአግድም የሚያልፍ ስፌት ያገኛል። የፋብሪካ ካልሲ በክብ መኪና እንደ ቱቦ ይወጣና ጫፉ በመጨረሻ ይዘጋል። ይህ ስፌት ያረፈው ጫማ ይበልጥ በሚጫነው ቦታ ነው፤ ሆኖም ይኸው በየቀኑ እንለብሰዋለን። በሁለት መርፌ የሚሠራው ካልሲ ስፌት ግን ሠሪው በመረጠው ቦታ ይውላል። በባት በኩል ከኋላ ይወርድና፣ ከተረከዝ በታች የእግሩ ላይኛና ታችኛ ክፍል ለየብቻ ተሠርተው በግራና በቀኝ ጎን ይጋጠማሉ። የእግር ጎን ክብደት አይሸከምም። የጣቶቹ ጫፍ ደግሞ ሁለቱን ወገን በመርፌ እየለቀሙ፣ ቀለበት ከቀለበት ጋር በማያያዝ ያለ ጉብታ ሊዘጋ ይችላል። ይህ አዘጋግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከነበሩት የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር ከሎርድ ኪችነር ስም ጋር ተያይዞ ይታወቃል፤ በምሽግ ውስጥ ለሚውሉ ወታደሮች የእግር ቁስል ትልቅ ጠላት ስለነበር ነው። ስፌቱ የካልሲውን መለጠጥ ይገታል የሚል ስጋትም ይነሣል። ካልሲ በዋናነት የሚለጠጠው በወርድ፣ እግሩን ዙሪያውን ለማቀፍ ነው፤ ስፌቱ ግን በቁመት የሚሄድ ስለሆነ ወርዱን አያግደውም። ክሩን አጥብቆ አለመሳብ፣ በየዳሩ ለስፌት አንድ አንድ ቀለበት መተውና ዳርን ከዳር ሳይደራርቡ ገጥሞ መስፋት ይበቃል።

ክቡን አሠራር የሚያደንቁ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በክብ የተሠራ ካልሲም ቢሆን ተረከዙ ላይ ሲደርስ፣ በተለመደው አሠራር፣ ግማሹ ቀለበት ለብቻው ተለይቶ በሁለት መርፌ ወዲያና ወዲህ ይሠራል። ከባዱ የተባለው የካልሲ ክፍል ጠፍጣፋ ሥራ ነው ማለት ነው። በቀለም ሥራ ደግሞ ጠፍጣፋው ጎልቶ ይበልጣል። አርጋይል የሚባለውን፣ አልማዝ መሰል ቅርጾች የተደረደሩበትን የስኮትላንድ ካልሲ እናስብ። እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ትንሽ ኳስ ክር አለው። ጠፍጣፋ ሲሠራ ሠሪው ሄዶ ስለሚመለስ ክሩን በተወው ቦታ ያገኘዋል፤ በክብ ሲሠራ ግን ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ ክሩ ከቅርጹ ወዲያኛው ዳር ቀርቶ ይጠብቀዋል። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ወጣት ሴቶች ለወዳጆቻቸው ይሠሩት የነበረው አርጋይል በሁለት መርፌ ተሠርቶ ከኋላ የሚሰፋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥገናም ሌላ ጥቅም ነው። ካልሲ የሚያልቀው ከታች ነው። ታችኛው ክፍል ለብቻው ተሠርቶ ከተሰፋ፣ ሲቀደድ ስፌቱን ፈትቶ ያንኑ ክፍል ብቻ በአዲስ መተካት ይቻላል፤ ከተረከዝ በላይ ያለው ሥራ አይነካም። በክብ አሠራር ጠበቃነቷ የምትታወቀው፣ በ1971 ስመ ጥር የሹራብ መጽሐፏን ያሳተመችው ኤልሳቤጥ ዚመርማን እንኳ ታችኛው ክፍል ተፈትቶ እንደገና የሚሠራ ካልሲ ነድፋለች። ልፋት የፈሰሰበት የእጅ ሥራ በአንድ ቀዳዳ ምክንያት እንዲጣል አልፈለገችም።

የቀሩት ተቃውሞዎች እውነት አላቸው፤ በእኩል መጠን ግን አይደለም። ጠፍጣፋ ሲሠራ አንዱ ረድፍ በፊት፣ ቀጣዩ በግልባጭ ነው፤ ብዙ ሰዎች ግልባጩን ስለሚያላሉት ጨርቁ መስመር መስመር ይሠራል። ለዚህ ቀላል መድኃኒት አለ፦ ለግልባጩ ረድፍ የሚያገለግለውን መርፌ በትንሹ ቀጠን ማድረግ። ክቡም ቢሆን የራሱ እንከን አለው፤ መርፌ ከመርፌ በሚገናኝበት ቦታ ክሩ እየላላ መሰላል የሚመስል ክፍተት ይተዋል። መስፋት ጊዜ ይወስዳል ለሚለው ደግሞ መልሱ አዎን ነው፤ ይወስዳል። መስፋት የማይወድ ሰው ክቡን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ጠፍጣፋው ካልሲ በፍጹም የማይመከርበት አንድ ቦታ ግን አለ። የስኳር ሕመም የእግራቸውን ስሜት ያደነዘዘባቸው ሰዎች ስፌት ሲፈትጋቸው አይሰማቸውም፤ ትንሽ ቁስል ሳያዩት ሊከፋ ይችላል። ለእነሱ ስፌት የሌለው ካልሲ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ መከራከር ተገቢ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በከባድ ጫማ ለሚጓዝ ሰውም ቢሆን ክቡን እመርጣለሁ።

ከዚህ ውጭ ላለው፣ ለቤት፣ ለመኝታ፣ ለብርድ ወራት፣ ለልጆች ስጦታ፣ ሁለቱ መርፌዎች በቂ ናቸው። መጀመር የሚፈልግ ሰው ወፍራም የሱፍ ክር ይምረጥ፤ ለአዋቂ 40 ያህል ቀለበት ይበቃዋል፣ በቀጭን የካልሲ ክር ግን ወደ 60 ይጠጋል። ጥጥ ብቻውን ቶሎ ስለሚላላ አይመከርም፤ ሦስት እጅ ሱፍና አንድ እጅ ናይለን የሆነ ክር ይለጠጣል፣ ይበረክታልም። የላይኛው ጠርዝ እግር ሲገባና ሲወጣ ስለሚሳብ ሲጀመር ላላ ተደርጎ፣ የመጀመሪያዎቹ ረድፎችም ሁለት ፊት ሁለት ግልባጭ እየተፈራረቁ ይሠሩ። ከመስፋታችሁ በፊት ሁለቱንም ካልሲዎች ጨርሳችሁ ጎን ለጎን አስተያዩዋቸው፤ የረድፍ ልዩነት ካለ ማረም የሚቀለው ስፌቱ ሳይገባ ነው።