ጣሳና ማስመሪያ፦ ዝናብን በየደጃችን ስለመለካት

ዝናብ ሰፈር ይመርጣል። በምኖርበት በቶሮንቶ ጁላይ 8 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. የወረደው ዶፍ በፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ 126 ሚሊ ሜትር ሲለካ፣ መሐል ከተማው ላይ 97 ያህል ነበር።

ይህ ልዩነት ለአገራችን ገበሬ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የገዛው የድርቅ ኢንሹራንስ የተመሠረተው በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች መረጃ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ውል ጣቢያው ዘንቦበት የገበሬው ማሳ ቢደርቅ፣ ኪሣራው በመዝገብ አይታይም።

ክፍተቱን ለማጥበብ መነሻው ርካሽ ነው። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ አርቆ ማቆም፤ በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብና መድፋት። ሰፊ ጣሳ ብዙ ውሃ ቢቀበልም ውሃው በሰፊው ስለሚዘረጋ ጥልቀቱ ያው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ያልዘነበበት ቀንም «0» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወ መስመር ድርቅ ይሁን መርሳት አይለይምና።

ለአገር ቤት ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የምንልክ ወገኖች፣ ማስመሪያና ደብተርም እንጨምር። ተማሪዎቹ ዓመት ከዓመት ሳያቋርጡ ከመዘገቡ፣ ቀበሌው ስለ ራሱ ዝናብ የሚከራከርበት ማስረጃ ይኖረዋል።