የእርከን ሥራ ወጪን መንግሥትና አርሶ አደሩ የሚጋሩበት አሠራር

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ መርካቶ ውስጥ በሚገኘው እህል በረንዳ የሚራገፈው ጤፍና ማሽላ መጠኑ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ በሚቀረው ለም አፈርም ጭምር ነው።

በተዳፋት መሬት ላይ የሚሠራ እርከን የጎርፉን ፍጥነት በመቀነስ አፈሩ ታጥቦ እንዳይሄድ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ከማሳው የተወሰነ ቦታ የሚወስድ፣ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅና ጥቅሙ ዘግይቶ የሚታይ በመሆኑ የዕለት ጉርስ ያጠረው አርሶ አደር ብቻውን ሊወጣው ይቸገራል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተዘረጉት አሠራሮች አንዱ በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። መንግሥት ከለጋሾች ጋር በሚሸፍነው ወጪ የምግብ እጥረት ያለባቸው አባወራዎችና እማወራዎች በእርከን፣ በክትርና በችግኝ ተከላ ሥራ ተሰማርተው ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይከፈላቸዋል። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ ግራም እህል ነበር። በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችሉት ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

በአማራና በሌሎች ክልሎች ከ2003 ዓ.ም ወዲህ በስፋት የተካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በአንጻሩ በአርሶ አደሩ ነፃ ጉልበት ላይ የተመሠረተ ነው።

በሁለቱም አሠራሮች ወሳኙ ጉዳይ ጥገናው ነው። በክረምት የተናደ እርከን በወቅቱ ካልተጠገነ ውሃውን በአንድ ቦታ አሰባስቦ ቦረቦር ይፈጥራል። በመሆኑም የወጪ መጋራቱ ውጤት የሚለካው በተሠራው እርከን ርዝመት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ጸንቶ በሚገኘው ነው።