ቡፌው ላይ የተቀመጠው ስልክ

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ በቡፌያችን መሳቢያ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኝቶ ከርሟል። ሲም የለውም፣ የሚደውልበትም የለም። አሁን ግን ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ባለው ቤታችን ዘፈን የሚያጫውተው እሱ ነው። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ በእጄ ባለው ስልክ አዝዘዋለሁ፤ እሱ ቡፌው ላይ ቁጭ ብሎ ያጫውታል።

ይህ ከብሉቱዝ ይለያል። በብሉቱዝ ዘፈኑ የሚወጣው ከእጅ ስልካችን ነው፤ ድምፁ ይጨመቃል፣ ስልክ ሲደወል ይቋረጣል፣ ራቅ ስንል ይቆራረጣል። እዚህ ግን የእጅ ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው። ዘፈኖቹ ያሉት አሮጌው ስልክ ሜሞሪ ላይ ነው። ሁለቱ የሚግባቡት ዩፒኤንፒ በሚባል ስምምነት ሲሆን፣ አሮጌው ላይ እንደ ዩኤስቢ ኦዲዮ ፕሌየር ፕሮ ያለ መተግበሪያ፣ በእጅ ስልኩ ላይ ደግሞ ባብል ዩፒኤንፒ ይጫናል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዳታ አጥፍቶ ሆትስፖት መክፈት ይበቃል፤ ከጥቅሉ አንድ ሜጋባይት አይነካም።

ድምፁን የሚለውጠው ዳክ የሚባለው አውራ ጣት የሚያክል ዕቃ ነው። ቁጥር ሆኖ የተቀመጠውን ሙዚቃ ስፒከር ወደሚገባው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይመልሳል። ኦቲጂ በሚባል ማገናኛ ከስልኩ ይያያዛል፤ ከዚያ በገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ። ስልኩ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ቻርጅም አብሮ የሚያስገባ ኦቲጂ መፈለግ ይሻላል። አንድሮይድ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ድምፅ በሴኮንድ ወደ 48,000 ናሙና (የድምፅ ልኬት) ይለውጠዋል፤ ከላይ የጠቀስኩት ማጫወቻ ግን ይህን አልፎ ፋይሉን እንዳለ ለዳኩ ያቀብላል። አንድሮይድ 14 ራሱም ይህን መንገድ ከፍቷል።

ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና በ16 ቢት ይይዛል። ከፍተኛ ጥራት የሚባለው 96,000 በ24 ቢት፣ አንዳንዴም 192,000 ነው። አምስት ደቂቃ ዘፈን በ96,000 ሳይታጠፍ 170 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ምንም ሳይጥል ያሳንሰዋል። እውነቱን ለመናገር ከሲዲ በላይ ያለውን ልዩነት ብዙ ጆሮ አይለየውም። ትልቁ ልዩነት ምንጩ ላይ ነው። ከካሴት ተቀድቶ፣ እንደገና ተጨምቆ፣ በፍላሽ ከሙዚቃ ቤት ሙዚቃ ቤት የዞረ ኤምፒስሪ ወደ ፍላክ ቢቀየር የጠፋው አይመለስም። ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ የቀረጸውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ታትሟል። ከንጹሕ ቅጂው ስሰማው ቫይብራፎኑ ተመትቶ ድምፁ ቀስ ብሎ እስኪከስም ድረስ ይከተለኛል፤ በተጨመቀው ቅጂ ያ ጭራ የተቆረጠ ነበር። የአባቶቻችን ዘመን ሙዚቀኞች እንዲህ መሰማት ይገባቸዋል።

መብራት ሲጠፋ አሮጌው ስልክ በባትሪው ይቆያል፤ አምፕሊፋየሩ ነው የሚዘጋው። ቻርጅ ላይ ያለማቋረጥ ማቆየት ግን ባትሪውን ሊያሳብጥ ይችላል። ጀርባው ከፍ ከፍ ካለ ወዲያው ነቅሎ ወደ ጥገና መውሰድ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ሆትስፖቱ ውስጥ የገባና ባብል ዩፒኤንፒ የተጫነበት ስልክ ሁሉ ማዘዝ ይችላል። እናቴ ጀበናውን ጥዳ ከጓዳ ሆና የኔን ታቋርጥና የሷን ትከፍታለች።